ስክሪኑ ሲጠፋ የሚቀረው መጫወቻ

ሶፋው ወደ ግድግዳው ተጠግቷል፤ ምንጣፉ ላይ አራት የካርቶን በሮች ቆመዋል። በበሮቹ መካከል የምትከንፈው መኪና በአንድ እጅ የምትነሳ ትንሽ ናት። መሪዋን የጨበጠው ባለ ቀይ ቆቡ ማሪዮ ሲሆን ከጀርባው ከፍ ብላ ካሜራ ተተክላለች። የሚነዳው ልጅ ግን ምንጣፉን አያይም፤ ዓይኑ በእጁ በያዘው፣ ኒንቴንዶ ስዊች በተባለው የጨዋታ መሣሪያ ስክሪን ላይ ነው። እዚያ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል። ካሜራዋ ከወለሉ ተጠግታ ስለምታይ የወንበሩ እግር እንደ ምሰሶ ገዝፏል፤ ወለሉ ላይ የውድድር መንገድ ተሥሏል፤ ግራና ቀኝ ተፎካካሪዎች ይሽቀዳደማሉ። ከኋላ የተወረወረ የኤሊ ቅርፊት ማሪዮን ሲመታው የሚቆመው ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ብቻ አይደለም፤ ምንጣፉ ላይ ያለችው መኪናም ቀጥ ትላለች። ልጁ በጨዋታው ውስጥ እንጉዳይ ሲጠቀም እውነተኛዋ መኪና ትፈጥናለች፤ የአሸዋ ማዕበል ሲነሳ መሪዋ ወደ ጎን ይጎትታል። ድመቷ ከጥግ ተነስታ መኪናዋን በመዳፏ ከመታቻት ደግሞ ውድድሩ በጨዋታውም በቤቱም ተቋርጧል።

ይህ መጫወቻ «ማሪዮ ካርት ላይቭ፦ ሆም ሰርኪት» ይባላል። ትሮይ፣ ኒውዮርክ የሚገኘው ቬላን ስቱዲዮስ ከኒንቴንዶ ጋር የሠራው ሲሆን በጥቅምት 2020 በ100 ዶላር ገደማ ለገበያ ቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁሉ የሚደንቀኝ የውድድሩ መንገድ የሚሠራበት አኳኋን ነው። ልጁ በስክሪኑ ላይ ከተዘጋጁ ካርታዎች አንዱን አይመርጥም። በሮቹን በፈለገበት ቦታ ይተክላል፤ ከዚያ የመኪናዋ ጎማ ቀለም እንደተቀባ ሆኖ አንድ ዙር ይነዳል፤ በወለሉ ላይ የሄደበት ሁሉ መንገድ ይሆናል። ከጠረጴዛ ሥር ካለፈ መንገዱም ከጠረጴዛ ሥር ያልፋል። ነገ በሮቹ ከቦታቸው ሲነሱ ሌላ መንገድ ይወለዳል። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የሚከተለው የልጁን እጅ ነው።

ባለፉት 15 ዓመታት የመጫወቻ ኩባንያዎች በእጅ የሚዳሰሰውን አሻንጉሊት ከኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ማለትም በእውነተኛው ክፍል ላይ ምስል ከሚደርበው ቴክኖሎጂ፣ እንዲሁም ዓይንን ሸፍኖ ወደ ሌላ ዓለም ከሚወስደው ቨርቹዋል ሪያሊቲ ጋር ለማጋባት ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። አንዳንዱ ጋብቻ ሰምሯል፤ አብዛኛው ፈርሷል። የፈረሱትንና የሰመሩትን ጎን ለጎን ሳያቸው የቴክኖሎጂው ምጥቀት መለያቸው ሆኖ አላገኘሁትም። ልዩነቱ ያለው ከሁለቱ መሪው ማን እንደሆነ ላይ ነው። በእጅ የሚያዘው ነገር በራሱ ሙሉ መጫወቻ ከሆነና ዲጂታሉ እሱን ከተከተለ ልጁ ያተርፋል። የሚዳሰሰው ነገር የስክሪኑ ጨዋታ መግቢያ ትኬት ብቻ ከሆነ ግን ወላጅ የገዛው አሻንጉሊት አይደለም፤ የአገልግሎት ውል ነው፤ ውሉን የሚያቋርጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

የሚዳሰስ ነገር ይህን ያህል ለምን ይከብዳል? በዚህ ረገድ ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው ከመጫወቻ ሱቅ ሳይሆን ከቤተ ሙከራ ነው። ብሬንት ኢንስኮ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል፣ በ2001 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ሰዎች የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር አጥልቀው ስድስት ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንዲቆሙ አደረገ። ጉድጓዱ ምስል ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን ከእግራቸው ሥር ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የእንጨት ጠርዝ ተቀምጦላቸው ነበር፤ ጣታቸውን ወደፊት ሲያወጡ እንጨቱ ያልቅና አየር ይነካሉ። እንጨቱ ሲኖር የሰዎቹ የልብ ምት በጠፍጣፋ ወለል ላይ ሲቆሙ ከነበረው ይልቅ ጨመረ። ያንን ተጨማሪ ፍርሃት የፈጠረው የግራፊክሱ ጥራት አልነበረም፤ ርካሽ ጣውላ ነበር። አእምሮ ዓይን ያየውን የሚያምነው ቆዳ ሲመሰክርለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም። ልጅ ከአዋቂ የባሰ በእጁ የሚያስብ ፍጡር ስለሆነ ነገሩ ለእሱ ይበልጥ የሚሠራ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ ወደ መጨረሻው አላስተላልፈውም። ልጅ እኮ ስክሪን ሳያስፈልገው ቀድሞውኑ በእውነታ ላይ ሌላ እውነታ ይደርባል ይላሉ ተቃዋሚዎቹ። እውነት ነው። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ዱላን ፈረስ አድርጎ የሚጋልበውን ልጅ ጠቅሶ ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ ዱላው ልጁ ትርጉምን ከዕቃው እንዲለይ የሚረዳ መሸጋገሪያ ነው። እኛም አገር ዕቃ ዕቃ የሚጫወት ልጅ ቆርኪውን ሰሃን፣ አፈሩን ወጥ፣ ቅጠሉን እንጀራ ሲያደርግ ማንም መተግበሪያ አልጫነለትም። ታዲያ ስልኩ ቆርኪው ላይ የሰሃን ምስል ከደረበለት ለልጁ ሐሳብ ምን ሥራ ተረፈው? ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ስልኩ ልጁ ሊያስበው የሚችለውን በሚያስብለት ጊዜ ነው። የማሪዮ መኪና ግን ልጁ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ይሠራል፤ ከወለል ከፍታ ያሳየዋል፤ ለተከለው በር ምላሽ ይሰጠዋል፤ የሚወዳደረውንም ያመጣለታል። መንገዱን መፍጠር ለልጁ ቀርቷል። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ ሁሉንም በጅምላ የሚጥል አይደለም፤ መጥፎውን ከጥሩው የምንለይበት ሚዛን ነው።

ሚዛኑን ሌጎ በ2019 ባወጣው «ሂደን ሳይድ» ላይ እናስቀምጠው። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፦ ልጆች በመናፍስት የተወረረ ትምህርት ቤት፣ አውቶቡስ፣ የመቃብር ሥፍራ ይገጣጥማሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን ወደ ሕንጻው ሲያዞሩ ካሜራው ሞዴሉን ይለይና ከመስኮቶቹ መናፍስት ሲወጡ ይታያል። ግጥምጥሙ ራሱ የሚደነቅ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ወደ ጭራቅ ይለወጣል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ልጁ አንድ እጁ ስልክ ይዟል፤ በሌላው መናፍስቱን ለመያዝ ስክሪኑን ይነካል። ለሰዓታት የገጣጠመውን ሕንጻ የሚነካበት እጅ አልተረፈውም። ሕንጻው ካሜራው የሚያነጣጥርበት ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። በ2020 ከወጡት ስብስቦች በኋላ ሌጎ ይህን መስመር አልቀጠለበትም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ለሌጎ ልመሰክርለት ይገባል፤ መተግበሪያው ኖረም አልኖረ ጡቡ ጡብ ነው። ልጁ ትምህርት ቤቱን አፍርሶ መርከብ ይሠራበታል። ኩባንያው በጥር 2026 ላስ ቬጋስ ላይ ያሳየው «ስማርት ብሪክ» ደግሞ ዳሳሾቹን፣ ድምፁንና መብራቱን ሁለት በአራት በሆነው ጡብ ውስጥ የከተተ ነው፤ ለመጫወት ስክሪን አይጠይቅም። ይህ አቅጣጫ የራሱ ጥያቄዎች አሉበት፤ የልጁን ሁለት እጅ ግን ነፃ አውጥቷል።

እጅን ያከበረ ሌላ ሥራ ደግሞ ኒንቴንዶ በ2018 ያወጣው «ላቦ» ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የታተመ ካርቶን፣ ክርና አንጸባራቂ ተለጣፊ ነው። ልጁ እያጠፈ ፒያኖ ይሠራል። ፒያኖው እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ማየት የፈለገ ከኋላው ያለውን ክዳን ይክፈት፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ አንጸባራቂ ቁራጭ ተለጥፏል። ቁልፉ ሲጫን ቁራጩ ይነቃነቃል፤ የስዊቹ መቆጣጠሪያ ላይ ያለው ኢንፍራሬድ ካሜራ ያንን ያይና የትኛው ኖታ እንደተጫነ ያውቃል። ምንም ምሥጢር የለም። ልጁ ራሱ ያጠፈው ካርቶን ስለሆነ ሲቀደድ በፕላስተር ይጠግነዋል፤ ፕሮግራም የሚያደርግበት ክፍልም ስላለው የራሱን መሣሪያ ይፈጥራል። በሚያዝያ 2019 የወጣው የላቦ ቪአር ስብስብ የካርቶን መነጽር ጨመረ፤ መነጽሩ ግን ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ አልነበረውም። በእጅ ተይዞ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ለወንድም ወይም ለእህት ይተላለፋል። ለልጆች በተሠሩ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መሣሪያዎች ውስጥ ከዚህ የበለጠ የታሰበበት ውሳኔ አላየሁም። ሙሉ መነጽር ልጅን ከክፍሉም ከመጫወቻውም ይነጥላል፤ ሜታ ራሱ ለኩዌስት መነጽሩ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜ እስከ 2023 ድረስ 13 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወላጅ በሚቆጣጠረው አካውንት ወደ 10 ወርዷል። ለትንንሽ ልጆች አሻንጉሊትን ከቨርቹዋል ዓለም ጋር ማጣመር የሚያስፈልግ ከሆነ እንደ ላቦ አጭርና ተቀባባይ ይሁን እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልለፍ፤ እሱም በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ዕቃዎች ታሪክ ነው። ቪው ማስተር በ1939 በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ሰሞን ለገበያ የወጣ መመልከቻ ነው። ክብ የካርቶን ዲስክ ይገባበታል፤ ዲስኩ ላይ 14 ትንንሽ ፊልሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ አንዱ ለግራ ዓይን፣ አንዱ ለቀኝ። ወደ መስኮት ብርሃን አዙሮ ለሚያይ ሰው ሰባት ጥልቀት ያላቸው ሥዕሎች ይታዩታል፤ ዘንጉን ሲጫን ቀጣዩ ይመጣል። በ2015 ባለቤቱ ማቴል ከጉግል ጋር ተስማምቶ ይህንኑ ስም በ30 ዶላር ወደሚሸጥ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መመልከቻ ለወጠው። ስልክ ይገባበታል፤ አዲሱ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ስልኩ በካሜራው ያነበውና በዲስኩ ላይ የጠፈር ወይም የዳይኖሰር ዓለም ይበቅላል፤ ልጁ ዘንጉን ተጭኖ ይገባበታል። ሐሳቡ ውብ ነበር። ሆኖም ማቴል ከጥቂት ዓመታት በኋላ መተግበሪያዎቹን ከገበያ አወጣቸው፤ ያለ እነሱ ዲስኩ ሥዕል የታተመበት ክብ ነገር ነው። ከመጀመሪያዎቹ የቪው ማስተር ዲስኮች አንዱን ያገኘ ሰው ግን ዛሬም መስኮት ዘንድ ሄዶ ያየዋል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ይሠራል፤ የልጅ ልጁ ሞቷል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ሁሉም ነገር ያረጃል፣ ባትሪም ይሞታል፣ ልጅም ያድጋል የሚል ነው። ባትሪ ግን ይቀየራል፤ ልጅም ሲያድግ መጫወቻውን ለታናሹ ያወርሳል። በሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ መጫወቻ ሞቱ ከዚህ ይለያል፤ ምንም ሳይሰበር፣ ልጁም ሳይሰለቸው በአንድ ቀን ያልቃል። በታኅሣሥ 2024 ኢምቦዲድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ መሆኑን ሲያስታውቅ ከልጆች ጋር የምታወራው 800 ዶላር ገደማ የወጣባት ሞክሲ የተባለች ሮቦት ልትደነዝዝ ነው ማለቱ ነበር፤ አእምሮዋ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነውና። በኋላ ባለቤቶች በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬዱት ሶፍትዌር መቅረቡ ጥሩ ነው፤ ግን ከመሸጡ በፊት መደረግ የነበረበት ነው። የገዢው ችግር ደግሞ ዕድሜውን አስቀድሞ ማወቅ አለመቻሉ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባለሙያዎች በኅዳር 2024 ባወጡት ጽሑፍ 184 ከኢንተርኔት ጋር የሚያያዙ ምርቶችን መርምረው በ163ቱ ላይ ሶፍትዌሩ እስከ መቼ እንደሚደገፍ የሚገልጽ መረጃ አላገኙም። የታሸገ ወተት የሚያበቃበት ቀን ሳይጻፍበት አይሸጥም፤ የመቶ ዶላር መጫወቻ ግን ይሸጣል።

ገበያው ራሱ ልጆች ይህን ቅልቅል እንደማይፈልጉት ፈርዷል የሚሉም አሉ። አክቲቪዥን በ2011 ያወጣው «ስካይላንደርስ» ትንንሽ የፕላስቲክ ምስሎችን በሚያበራ መድረክ ላይ ሲያቆሟቸው ወደ ጨዋታው የሚገቡበት ነበር፤ ሽያጩ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ዲዝኒ በ2013 ተከተለ፤ በ2016 በ147 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝገቡን ዘጋ። ሌጎ በ2015 ጀምሮ በ2017 አቆመ። እኔ ግን ይህን ውድቀት የማነበው የልጆች መሰልቸት አድርጌ አይደለም። በየዓመቱ አዲስ መድረክ፣ አዲስ ምስል፣ ለተቆለፈ ክፍል ሌላ ግዢ ሲጠየቅ የሰለቸው የወላጅ ኪስ ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ስካይላንደርስ አንድ የሚወረስ ሐሳብ ነበረው፤ ገጸ ባሕሪው ያደገበት ደረጃ የሚመዘገበው በምስሉ እግር ሥር ባለችው ቺፕ ላይ ነው። ልጁ ምስሉን ኪሱ ከትቶ ጓደኛው ቤት ሲሄድ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል። ትዝታው ሰርቨር ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ነው።

ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ነገር ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ያለው መጫወቻ የልጁን ክፍል ያያል፤ ድምፁን ይሰማል። በኅዳር 2015 የሆንግ ኮንጉ ቪቴክ ሲጠለፍ የስድስት ሚሊዮን ያህል ልጆች መረጃ ተጋለጠ፤ ኩባንያው በ2018 ከአሜሪካው ንግድ ኮሚሽን ጋር 650,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የጀርመን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በየካቲት 2017 ካይላ የተባለችውን አሻንጉሊት የተደበቀ ማዳመጫ ናት ብሎ ከገበያ ከማገዱም በላይ ወላጆች እንዲያስወግዷት ነገራቸው። ለዚህ መድኃኒቱ ቴክኖሎጂውን መተው አይደለም። የማሪዮ መኪና ካሜራ የምትልከው ምስል በቀጥታ ወደ ስዊቹ ይሄዳል፤ ሶፍትዌሩ አንዴ ከወረደ በኋላ ለመወዳደር ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ የታየው ቤት ውስጥ መቅረት ይችላል ማለት ነው።

ለኛ ልጆች ሊጠቅም የሚችለው የትኛው መንገድ ነው ብዬ ሳስብ በብዛት የምመለሰው ወደ «ኦዝሞ» ነው። ሁለት የቀድሞ የጉግል ባልደረቦች በ2013 የመሠረቱት ድርጅት ሥራ ነው። ብልሃቱ አንዲት ትንሽ መስታወት ናት። መስታወቷ የታብሌቱ የፊት ካሜራ ላይ ትሰካለች፤ ታብሌቱ ቆሞ ሳለ ካሜራው ከፊቱ ያለውን ጠረጴዛ ያያል። ልጁ በሁለት እጁ ባለቀለም ቅርጾችን ይገጣጥማል፤ ስክሪኑ ትክክለኛውን ቦታ ሲያገኝ ያበራለታል። ስልክ የሚይዝ እጅ የለም፤ ዓይንም ከጠረጴዛው አይነጠልም። ታብሌቱ ሲጠፋ ቅርጾቹ ከኤሌክትሪክ በፊት ጀምሮ ቻይናውያን ሲጫወቱባቸው የነበሩት የታንግራም ቅርጾች ናቸው። የህንዱ ባይጁስ ድርጅቱን በ2019 በ120 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2024 ባይጁስ ራሱ በዕዳ ምክንያት ፍርድ ቤት ቆመ። ድርጅት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ታንግራሙ ግን ጠረጴዛው ላይ አለ።

ይህ ብልሃት ለፊደል ገበታ የተሠራ ይመስላል። 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ናቸው፤ ይህን ሁሉ በሸምደዳ ከመያዝ ይልቅ ልጅ አሠራሩን በእጁ ቢያውቀው ይቀለዋል። ከእንጨት የተቆረጠ «በ» ይኑር። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ትንሽ ጭረት ሲሰካበት «ቡ» ይሆናል፤ ጭረቷ ወደ ግርጌ ስትወርድ «ቢ»፤ የቀኝ እግሩ ሲረዝም «ባ»፤ ግርጌው ላይ ቀለበት ሲገባ «ቤ»። «ለ»ም ላይ ያው ነው፤ እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉት ደግሞ የራሳቸውን መንገድ ስለሚሄዱ የራሳቸው ቁራጭ ያስፈልጋቸዋል። ካሜራው የተሠራውን ፊደል አንብቦ ድምፁን ያሰማል፤ በፊደሎቹ ቃል ሲሠራ በሬው ወይም ቤቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል። አዲስ አበባ ላለ ልጅም፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አማርኛ ለሚማር የዋሽንግተን ወይም የቴል አቪቭ ልጅም ይሆናል። ወጪው ብዙ ነው፣ ታብሌት የሌለው ልጅስ የሚል ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ መልሱም እንጨቱ ውስጥ አለ። ታብሌት የሌለው ትምህርት ቤት እንጨቱን ብቻ ይወስዳል፤ የሚጎድለው ድምፁ ነው፤ ድምፁን ደግሞ መምህሯ ታሰማለች።

ይህን ለመሥራት አቅሙ ያላችሁ ፕሮግራመሮችና አናጢዎች አብራችሁ ጀምሩት። እንጨቱን አስቀድሙ፤ ያለ ስክሪን ለአንድ ክፍል ልጆች ስጡና መጫወታቸውን አረጋግጡ፤ መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን፤ እስከ መቼ እንደምትደግፉትም ሣጥኑ ላይ ጻፉ።